እየሠራ ላለ ቨርቹዋል ማሽን ፕሮሰሰር መጨመር፣ እምቢ ሲልስ?



ባለፈው ዕትም አንድ ትልቅ ኮምፒዩተር በሆዱ ውስጥ ሌሎች ኮምፒዩተሮችን እንዴት እንደሚሸከም በአጭሩ ተመልክተን ነበር። ዛሬ ከዚያው ሳንርቅ፣ በሥራ ላይ ላለ ቨርቹዋል ማሽን ሳይዘጋ ተጨማሪ ፕሮሰሰር ስለ መስጠት፣ በተለይም ሙከራው እምቢ ሲል ችግሩን ከየት ጀምሮ መፈለግ እንደሚገባ እንማራለን። ርእሱ ለአንዳንዶቻችሁ የሩቅ አገር ወሬ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው የስደተኞች ሕግ ስደተኛው የመማርና ሠርቶ የማደር መብት ካገኘ ወዲህ፣ ከአሊ አዴና ከሆል ሆል ወጥተው በከተማው ውስጥ በዚህ ሙያ የሚተዳደሩ ልጆች አሉን። የሰው ኮምፒዩተር እንዲጠብቅ የተቀጠረ ልጅ ደግሞ የሚፈተነው ሁሉ ነገር ደህና በሆነበት ቀን ሳይሆን ሰው ተሰልፎ ሳለ ማሽኑ ሲያዘግም ነው።

ጅቡቲም ለዚህ ሙያ ባዳ አገር አይደለችም። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ብዙ የባሕር ውስጥ የኢንተርኔት ገመዶች እዚህ ወደ የብስ ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የተቋቋመው የጅቡቲ ዳታ ሴንተር የልዩ ልዩ ድርጅቶችን ሰርቨሮች በአንድ ጣሪያ ሥር ያስተናግዳል። ወደ አገራችን ከሚገባው ኢንተርኔትም ብዙው በዚሁ በር ያልፋል፤ ልክ እንደ ባቡሩ።

ለትምህርታችን ምሳሌ የሚሆነን በሜኔሊክ አደባባይ አጠገብ ያለ አንድ የጽሕፈትና የኢንተርኔት አገልግሎት ቤት ነው። (አደባባዩ በመንግሥት ስሙ የ27 ጁን 1977 አደባባይ ይባላል፤ ጅቡቲ ነፃነቷን ያገኘችበት ዕለት ነው። ሰዉ ግን ዛሬም ሜኔሊክ ነው የሚለው፤ እኛማ ሌላ ስም ብንሰጠው ታክሲውም አይወስደን።) ቤቱ ወረቀት ስካን ያደርጋል፣ ፎርም ይሞላል፣ ሰነድ ያስቀምጣል። ከደንበኞቹ ብዙዎቹ ወገኖቻችን ሲሆኑ የልደት ካርድ፣ የትምህርት ማስረጃና የሐኪም ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። በጓዳው አንድ ሰርቨር አለ፤ ስምንት የፕሮሰሰር ኮር አለው። በውስጡ ሁለት ቨርቹዋል ማሽኖች ይሠራሉ። አንደኛው በዊንዶውስ የሚሠራ የሂሳብ ማሽን ነው። ሁለተኛው በሊኑክስ የሚሠራ ሲሆን ስካን የተደረጉትን ወረቀቶች እያነበበ በየፋይላቸው ያስቀምጣል፤ እኛ «መዝገብ ቤት» እንበለው። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ፕሮሰሰር ተሰጥቷቸዋል። ሰርቨሩን የሚጠብቀው ከእኛው የኮምፒዩተር ክፍል የወጣ ወጣት ነው።

አንድ ቀን ጠዋት መዝገብ ቤቱ ክፉኛ አዘገመ። አንዲት እናት የአራት ልጆቻቸውን ወረቀት፣ ወደ ስልሳ ገጽ የሚሆን፣ አስገብተው ሥራው ግማሽ ላይ ደርሷል። የማስረከቢያው የመጨረሻ ቀን ያው ዕለቱ ነበር። ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት ማለት የተነበበውን ሁሉ ጥሎ እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ መነሳት ነው። ልጁ የመዝገብ ቤቱን ፕሮሰሰር ከሁለት ወደ አራት ለማሳደግ ትእዛዝ ሰጠ፤ አልሆነም። ሦስት ጊዜ ደጋገመው። ከዚያ በኋላ ስልክ ደወለ።

«ጋሼ፣ እምቢ አለኝ።»

«ምን ብሎ ነው እምቢ ያለህ?»

«ኤረር ነው የሚለው።»

«ኤረርማ ስሙ ነው። ከሥሩ የጻፈውን ቃል በቃል አንብብልኝ።»

ሲያነበው፣ የተጠየቀው የፕሮሰሰር ብዛት ለዚህ በሥራ ላይ ላለ ማሽን ከተፈቀደው ጣሪያ በላይ ነው፣ 4 ከ2 ይበልጣል የሚል ነበር። እንግዲህ ማሽኑ ምክንያቱን ከመጀመሪያው አንስቶ ነግሮታል። ይህን ያህል ግልጽ ቃል የሚሰጥ ማሽን ሁልጊዜ አይገኝም።

ጉልቻውና እሳቱ

ይህ ጣሪያ ምን እንደሆነ ለመረዳት የድግስ ጓዳ አስቡ። ሠርግ ሲደገስ ከድንኳኑ ጀርባ ጉልቻ የሚተከለው ድግሱ ሳይጀመር ነው። ስድስት ቦታ ጉልቻ ተተክሎ መጀመሪያ በሁለቱ ላይ ብቻ እሳት ሊነድ ይችላል። እንግዳው ሲበዛ በሦስተኛውና በአራተኛው ላይ እሳት መለኮስ የደቂቃ ሥራ ነው። ወጡ እየፈላ፣ ሰው እየተመላለሰ አዲስ ጉልቻ ልትከል ቢባል ግን ጓዳው በሙሉ ይታወካል። እሳቱ ከተለኮሰ በኋላም ድስት ካልተጣደበት ዋጋ የለውም። ድስት ቢጣድ እንኳ ወጥ ሠሪዋ መኖሩን ካላወቀች በሁለቱ ምድጃ ብቻ ስትጣደፍ ትውላለች።

በኮምፒዩተሩም እንዲሁ ነው። የተተከለው ጉልቻ ቁጥር የማሽኑ የፕሮሰሰር ጣሪያ ነው። የነደደው እሳት ለጊዜው የተሰጠው የፕሮሰሰር ብዛት ነው። ድስቱ የተጣደው በእንግዳው ውስጥ ያለው ሊኑክስ ወይም ዊንዶውስ አዲሱን ፕሮሰሰር ተቀብሎ ሥራ ሲያስጀምረው ነው። ወጥ ሠሪዋ ደግሞ ፕሮግራሙ ነች። ፕሮሰሰር ጨመርኩ፣ ግን ለውጥ የለም የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ችግሩ ከእነዚህ ከአራቱ በየትኛው ላይ እንደቆመ ነው። ቦታውን ሳያውቁ መነካካት ጊዜ ይበላል።

ጣሪያው በሥራ ላይ የማይነሳበት ምክንያት አለው። ቨርቹዋል ማሽኑ ሲነሳ የፕሮሰሰር ቦታዎችን፣ ባዶዎቹንም ጭምር፣ የያዘ አንድ ሰንጠረዥ ይዘጋጅለታል። ሊኑክስ ይህን ሰንጠረዥ የሚያነበው ሲነሳ አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ በዚያው መጠን ለእያንዳንዱ ሊመጣ ለሚችል ፕሮሰሰር የሚሆን የማስታወሻ ቦታ ይመድባል። በሰንጠረዡ ላይ ያልተጻፈ ፕሮሰሰር በኋላ ቢመጣ የሚቀመጥበት ወንበር የለውም።

በነገራችን ላይ በዚህ ሙያ ተሸካሚው ኮምፒዩተር «አስተናጋጅ»፣ በውስጡ ያለው ደግሞ «እንግዳ» ይባላል። እኛ እነዚህን ሁለት ቃላት ከማንም በተሻለ እናውቃቸዋለን። እንግዳው ምን ያህል እንዳለው የሚያውቀው አስተናጋጁ ያሳየውን ብቻ ነው።

በእርግጥ የጎደለው ፕሮሰሰር ነው?

ልጁ ጣሪያውን ማንሳት እንደማይችል ከተረዳ በኋላ የቀረው ጥያቄ እስከ ቀትር ድረስ ምን ይደረግ የሚል ነበር። ፕሮሰሰር ለመጨመር ከመነሳት አስቀድሞ መደረግ የነበረበትም ይኸው ምርመራ ነው። ቅደም ተከተሉን እናንተ አትገልብጡት።

በሊኑክስ ላይ «ቶፕ» የሚባለውን ትእዛዝ ስትጽፉ ከላይ በኩል በአጭር ፊደላት የተከፋፈለ የመቶኛ መስመር ይታያል። (ጋዜጣችን በፊደላችን ብቻ ስለሚታተም ትእዛዞቹን እዚህ የምጽፈው እንደ አነባበባቸው ነው፤ የላቲን አጻጻፋቸው በክፍል ደብተራችሁ ላይ አለ።) «ዩኤስ» የሚለው ከፍ ካለ ፕሮግራሞቹ በእርግጥ ፕሮሰሰሩን እየተጠቀሙበት ነው። «ደብልዩኤ» ከፍ ካለ ግን ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ዲስኩን እየጠበቀ ነው፤ እንዲህ ባለ ጊዜ አሥር ፕሮሰሰር ብትጨምሩ የሚጠብቀው ሰው ቁጥር ይበዛል እንጂ ወረፋው አያጥርም። ሦስተኛው «ኤስቲ» ነው። ይህ እንግዳው ሊሠራ ፈልጎ አስተናጋጁ ተራ የነፈገው ጊዜ መጠን ነው። ይህ ቁጥር ከፍ ብሎ ካያችሁ ችግሩ ያለው ከታች በአስተናጋጁ ላይ ነው፤ ለእንግዳው ፕሮሰሰር መጨመር ሊያባብሰው ይችላል።

በመዝገብ ቤቱ ላይ ከፍ ያለው «ዩኤስ» ነበር፤ እንግዲያው ልጁ የጠረጠረው ልክ ነው። ነገር ግን ዝርዝሩን ወደ ታች ሲያይ አንዱን ፕሮሰሰር ሙሉ በሙሉ የያዘው ወረቀት አንባቢው ሳይሆን የቆዩ ፋይሎችን የሚያጨምቅ የመጠባበቂያ ሥራ ሆኖ ተገኘ። ሌሊት መሠራት የነበረበት በቀን ተይዞ ነበር። «ሪናይስ» በሚባለው ትእዛዝ የዚህን ሥራ ተራ ወደ መጨረሻው፣ ማለትም ወደ 19፣ አወረደው። በሊኑክስ ልማድ ቁጥሩ ሲጨምር ቅድሚያው ይቀንሳል፤ 19 ማለት ሌላው ሲጠግብ የተረፈውን መብላት ነው። ወረቀት ማንበቡ ፈጠነ። የእናትየው ስልሳ ገጽም ቀትር ሳይሆን አለቀና ወረቀታቸውን ይዘው ሄዱ።

ይሁን እንጂ የመጠባበቂያው ሥራ ተራ ከወረደም በኋላ ሁለቱ ፕሮሰሰሮች እንደተጨናነቁ ነበሩ። የደንበኛው ቁጥር በእርግጥ አድጓል፤ ሁለት ፕሮሰሰር አይበቃም። ሰርቨሩ ስምንት ኮር እያለው ከአራት በላይ ለማንም አለመሰጠቱም ብክነት ነው።

መዝጋትና መልሶ ማስነሳት አንድ አይደሉም

በጅቡቲ ልማድ ሱቆች ከቀትር ጀምሮ በእኛ አቆጣጠር እስከ አሥር ሰዓት ገደማ ይዘጋሉ። ሙቀቱ ሰውን ወደ ቤቱ ሲያስገባ ለሰርቨር ጠባቂ የሥራ ሰዓት ይሆናል። በሥራ ላይ ባለ ነገር ላይ ለውጥ ሲደረግ ሰዓት መምረጥ እንደ ፍርሃት መታየት የለበትም። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ላይ የደረሰውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ ሰዎች፣ በተለይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ለሰዓታት ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣት ችለው ነበር። ባንኩ በሰጠው መግለጫ የውጭ ጥቃት እንዳልነበረና ነገሩ በራሱ የሲስተም ሥራ ላይ የተፈጠረ ስሕተት እንደሆነ አስታውቋል። ያ የፕሮሰሰር ጉዳይ አልነበረም፤ ሕዝብ የሚጠቀምበት ሲስተም ላይ የሚደረግ ለውጥ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ግን ያሳያል።

ቤቱ ሲዘጋ ልጁ ጣሪያውን ወደ ስድስት አነሳ። በኬቪኤም ላይ «ቪርሽ» በሚባለው መሣሪያ «ሴት ቪሲፒዩስ» የሚለውን ትእዛዝ «ማክሲመም» እና «ኮንፊግ» ከሚሉት ሁለት ቃላት ጋር መስጠት ማለት ነው። «ኮንፊግ» የሚለው ቃል ለውጡ በማሽኑ የመታወቂያ ፋይል ላይ እንዲጻፍ ያዝዛል፤ ጣሪያ የሚነሳው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። ስድስት ለምን? ከስምንቱ ሁለቱ ለሂሳብ ማሽኑ እንዲቀሩ ነው። አስተናጋጁም ለራሱ ሥራ ትንፋሽ ያስፈልገዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው እርምጃ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ገብቶ «ሪቡት» ማለት አዲሱን ጣሪያ አያመጣም። እንግዳው ራሱን መልሶ ሲያስነሳ በአስተናጋጁ ላይ እንግዳውን የተሸከመው ፕሮግራም አይዘጋም፤ የያዘውም የድሮውን መታወቂያ ነው። እንግዳው ፈጽሞ መዘጋት አለበት፤ ከዚያ ከአስተናጋጁ በኩል እንደ አዲስ ይነሳል። ሪቡት አድርጌ ነበር፣ አሁንም 2 ይላል ብሎ የሚቸገር ሰው ካያችሁ ሌላ ነገር ሳትጠይቁት፣ ዘግተኸዋል ወይስ መልሰህ አስነስተኸዋል ብላችሁ ጠይቁት። «ቪሲፒዩ ካውንት» የሚለው ትእዛዝ አራት ቁጥሮችን ያሳያችኋል፤ በፋይል የተጻፈው ጣሪያ፣ አሁን በሥራ ላይ ያለው ጣሪያ፣ በፋይል የተጻፈው ብዛትና አሁን ያለው ብዛት። የፋይሉና የሥራው ጣሪያ ካልተስማሙ ማሽኑ ገና በትክክል አልተዘጋም።

ተጨመረ፣ ግን አይታይም

አሥር ሰዓት ላይ ቤቱ ተከፈተ። ልጁ ማሽኑ እየሠራ፣ ደንበኛም ተቀምጦ፣ «ላይቭ» በሚለው ቃል ፕሮሰሰሩን ወደ አራት አሳደገ። ትእዛዙ ያለ አንዳች ቅሬታ አለፈ። በአስተናጋጁ በኩል ሲጠይቅ 4 አለው። በእንግዳው ውስጥ ገብቶ «ኤን ፕሮክ» ሲል ግን 2 አለ።

እዚህ ላይ ተስፋ መቁረጥ አይገባም። እሳቱ ነደደ እንጂ ድስቱ አልተጣደም ማለት ነው። «ኤልኤስ ሲፒዩ» የሚለውን ስትጽፉ ከዝርዝሩ ውስጥ ሥራ ላይ ያልዋሉ ፕሮሰሰሮችን ቁጥር የሚነግር መስመር ታገኛላችሁ። በመዝገብ ቤቱ ላይ 2 እና 3 ይል ነበር። ሊኑክስ መቁጠር የሚጀምረው ከዜሮ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 0 እና 1 ናቸው፤ አዲሶቹ 2 እና 3 ይሆናሉ። እንግዳው አዲሶቹን አይቷቸዋል፤ ግቡ ያላቸው ግን የለም። አንዳንዱ የሊኑክስ ዓይነት፣ ለምሳሌ ሬድ ሃት፣ አዲስ ፕሮሰሰር ሲመጣ በራሱ ሥራ የሚያስጀምር ደንብ ተዘጋጅቶለታል። ሌሎቹ ላይ ደንቡን ራሳችሁ መጻፍ፣ ወይም በየፕሮሰሰሩ ማኅደር ውስጥ «ኦንላይን» በሚባለው ፋይል ላይ 1 ብላችሁ መጻፍ ይኖርባችኋል።

ይህን ስትጽፉ አንድ ወጥመድ አለ። በተራ ተጠቃሚ ስም ገብታችሁ ከፊት «ሱዱ» ብላችሁ፣ «ኤኮ 1» ጽፋችሁ በቀስት ምልክት ወደ ፋይሉ ብትልኩት፣ ፈቃድ የለህም ይላችኋል። ሱዱ ሥልጣን የሰጠው «ኤኮ» ለሚለው ብቻ ነው፤ ፋይሉን የሚከፍተው ቀስት ግን የእናንተው ተራ ሼል ሥራ ነው። ወይ መጀመሪያ «ሩት» ሆናችሁ ግቡ፣ ወይ ቀስቱን ትታችሁ «ቲ» የሚባለውን ትእዛዝ ከሱዱ ጋር ተጠቀሙ።

በዝርዝሩ ላይ ከነጭራሹ የሌሉ ከሆነስ? ያን ጊዜ የሊኑክስን የውስጥ መዝገብ «ዲ መሴጅ» በሚለው ትእዛዝ ተመልከቱ። አዲስ ፕሮሰሰር ሲደርስ በሥራ ላይ እንዳለ ተጨመረ የሚል መስመር ይመዘገባል። መስመሩ ከሌለ መልእክቱ ለእንግዳው አልደረሰም። የተለመደው ምክንያት በእንግዳው ላይ «ኤሲፒአይ» የሚባለው የመልእክት መንገድ መዘጋቱ ነው፤ አንዳንድ ሰው ለሌላ ችግር ብሎ ያጠፋውና ይረሳዋል። ሌላው ደግሞ ሊኑክስ ሲነሳ «ኤንአር ሲፒዩስ» በሚል ቃል የፕሮሰሰሩ ቁጥር እንዲገደብ ታዝዞ መሆኑ ነው። ያ ከሆነ አስተናጋጁ የፈለገውን ያህል ቢለግስ እንግዳው ከገደቡ በላይ አይቀበልም።

መዝገብ ቤቱ አራቱንም ተቀብሎ ከሠራ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ታየ። ሁለቱ ፕሮሰሰሮች መቶ በመቶ ሲሠሩ ሁለቱ አዲሶቹ ሥራ ፈትተዋል። ወረቀት አንባቢው ፕሮግራም ሲነሳ ስንት ፕሮሰሰር እንዳለ ቆጥሮ፣ በዚያ ልክ ሁለት ሠራተኛ አሰልፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ዳግም አልቆጠረም። ብዙ ፕሮግራሞች እንዲህ ናቸው፤ ኤንጂንኤክስ የሚባለው የድረ ገጽ አገልጋይ እንኳ የሠራተኞቹን ቁጥር በራሱ እንዲወስን ቢታዘዝ የሚቆጥረው ሲነሳ ነው። መፍትሔው ፕሮግራሙን ብቻ ዘግቶ ማስነሳት ነው። ማሽኑ አይነካም፤ ልጁም በሁለት ደንበኛ መካከል ባገኘው ክፍተት በጥቂት ሴኮንዶች ጨረሰው።

በዚያው ምሽት መብራት ሄደ። በጅቡቲ የሚበራው ኤሌክትሪክ ከፊሉ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከአገራችን የሚመጣ እንደሆነ ይታወቃል፤ ከየትም ይምጣ፣ ሲጠፋ ያው ጨለማ ነው። የሰርቨሩ ባትሪ ለጥቂት ጊዜ ቢይዝም አልዘለቀም። መብራት ተመልሶ ሁሉም ሲነሳ መዝገብ ቤቱ ሁለት ፕሮሰሰር ይዞ ተነሳ። ምክንያቱ «ላይቭ» የሚለው ቃል የሚሠራው አሁን ላለው ሕይወት ብቻ መሆኑ ነው። በመታወቂያው ፋይል ላይ ጣሪያው 6፣ ብዛቱ ግን እንደተጻፈ 2 ነበር። ጭማሪው እንዲዘልቅ ከተፈለገ «ላይቭ» እና «ኮንፊግ» የሚሉትን ሁለቱንም በአንድ ትእዛዝ መስጠት ያስፈልጋል። አንዱ ለዛሬ፣ አንዱ ለነገ ነው።

ዊንዶውስና ሌሎቹ አስተናጋጆች

የቤቱ ባለቤት ይህን አይተው ለሂሳብ ማሽኑም እንዲጨመር ጠየቁ። እዚያ ነገሩ ይለያል። ያ ማሽን ዊንዶውስ 10 ፕሮ ነው። በሥራ ላይ እያለ ፕሮሰሰር መቀበል የሰርቨር ዓይነቶቹ ሥራ እንጂ የዚህ አይደለም፤ ስለዚህ ዘግቶ መጨመር ግድ ይሆናል። ተዘግቶ አራት ተሰጥቶት ሲነሳ ግን ዊንዶውስ ያየው ሁለት ብቻ ነው። አስተናጋጁ አራቱን ፕሮሰሰሮች በአራት የተለያዩ ሶኬቶች ላይ እንደተሰኩ አድርጎ አሳይቶታል፤ ዊንዶውስ 10 ፕሮ ደግሞ ከሁለት ሶኬት በላይ አይቀበልም፣ ሆም የሚባለውማ አንድ ብቻ ነው። አንድ ሶኬት፣ በውስጡ አራት ኮር ተብሎ ሲስተካከል አራቱም ታዩ። ቁጥሩ ያው ሆኖ አቀማመጡ ብቻ ተለወጠ። ሶኬት፣ ኮርና ስሬድ የሚባሉት ሦስቱ ቁጥሮች ሲባዙ የሚሰጡት ውጤት ከጣሪያው ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ካልሆነ ማሽኑ አልነሳም ይላል።

ሌላ አስተናጋጅ ዘንድ ብትቀጠሩ ስሙ ቢለያይም ነገሩ ያው ነው። በቪኤምዌር ላይ በሥራ ላይ ፕሮሰሰር መጨመርን የሚፈቅድ አንድ ምርጫ አለ፤ ምርጫው ራሱ የሚከፈተው ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ነው። በፕሮክስሞክስ ላይ ሶኬቱ በኮሩ ተባዝቶ ጣሪያውን ይሰጣል፣ ለጊዜው የሚሰጠው ብዛት ለብቻው ይጻፋል፣ በምርጫዎቹ ውስጥም «ሆትፕላግ» በሚለው ሥር ሲፒዩ መመረጡን ማየት ያስፈልጋል። በማይክሮሶፍት ሃይፐር-ቪ ላይ ግን በሥራ ላይ የማስታወሻን መጠን መለወጥ ይቻላል እንጂ የፕሮሰሰርን ቁጥር መለወጥ አይቻልም። እዚያ መላ ስትፈልጉ አትድከሙ፤ የመዝጊያ ሰዓት ፈልጉ።

ለታሪክ ያህል፣ አንድን ማሽን ብዙ አስመስሎ የማሠራት ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ አይቢኤም ይህን የሚያደርግ ሲስተሙን ለደንበኞቹ ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። እኛ በነፃ የምንጠቀምበት ኬቪኤም በሊኑክስ ውስጥ የገባው በ2007 ነው። ከሱ ጋር አብሮ የሚሠራውን ኬሙ የሚባለውን ፕሮግራም የጀመረው ፋብሪስ ቤላር የሚባል ፈረንሳዊ ሲሆን፣ በተለመዱት ኮምፒዩተሮች ላይ ለሚሠራ እንግዳ ፕሮሰሰር የመጨመሪያው ትእዛዝ በዚህ ፕሮግራም ውስጥ የገባው በ2013 ነበር። ስለዚህ በጣም ያረጀ ሲስተም ላይ ብትቀጠሩ ትእዛዙ ላይኖር ይችላል።

መቀነስ ከመጨመር ይከብዳል። እሳቱን ለማጥፋት በላዩ ያለው ድስት መነሳት አለበት፤ ማለትም እንግዳው በዚያ ፕሮሰሰር ላይ ያለውን ሥራ ወደ ሌላው አዛውሮ ይሁን ማለት አለበት። ሊኑክስ ብዙውን ጊዜ ይስማማል፣ የመጀመሪያውን 0 ቁጥር ፕሮሰሰር ግን አይለቅም። ዊንዶውስ ከነጭራሹ አይስማማም። በመሆኑም በሥራ ሰዓት ስትጨምሩ መልሼ እወስደዋለሁ በሚል ስሌት አትጨምሩ።

መልመጃ። አንድ አስተናጋጅ አራት ኮር አለው። በውስጡ ያለው የሊኑክስ እንግዳ ጣሪያው 8፣ ብዛቱ 4 ነበር። ጠባቂው በሥራ ላይ እያለ ወደ 8 አሳደገው። በአስተናጋጁ በኩል ሲጠየቅ 8 ይላል፣ በእንግዳው ውስጥ «ኤን ፕሮክ» 6 ይላል፣ «ቶፕ» ላይ ደግሞ «ኤስቲ» ሠላሳ አምስት በመቶ ደርሷል። እዚህ ሁለት የተለያዩ ችግሮች አሉ። የትኛው ከእንግዳው፣ የትኛው ከአስተናጋጁ እንደሆነ ለይታችሁ፣ የመጀመሪያውን ለማስተካከል የምትጽፉትን ትእዛዝና ሁለተኛውን ለማስተካከል የምትለውጡትን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ለኮምፒዩተር ክፍሉ አምጡ። ማሽን የሌላችሁም በወረቀት ብቻ ልትሠሩት ትችላላችሁ።